ለቆሮሶ የሚሸጠው “የጠቃሚ ባክቴሪያ” ዱቄት፦ ከአንድ የምርት ዘመን በኋላ

ከሐዋሳ ወጣ ብሎ ባሉኝ አራት ኩሬዎች ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) ማርባት ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለፈው መስከረም ጫጩት ስጨምር፣ በከተማው ካሉት የእንስሳት መድኃኒት መደብሮች በአንዱ በዓሣ መኖ ላይ የሚለወስ “ጠቃሚ ባክቴሪያ” የተባለ ዱቄት ገዝቼ፣ እስከ መጋቢት አጋማሽ ድረስ በማድለቢያ ኩሬም በጫጩት ገንዳም ተጠቅሜበታለሁ። የምርቱንም ሆነ የመደብሩን ስም አልጠቅስም፤ በተመሳሳይ ይዘት በልዩ ልዩ ስም የሚሸጡ ብዙ ዱቄቶች ስላሉ፣ እዚህ የማሰፍረው አስተያየት ለአብዛኞቹ ይሠራል ብዬ አምናለሁ። ፍርዴን ከመነሻው ልናገር፦ ለጫጩት ማሳደጊያ ገንዳ የወጣበትን ገንዘብ ይመልሳል፤ ለማድለቢያ ኩሬ አይመልስም፤ ዓሣው ታሞበት መድኃኒት ፍለጋ ወደ መደብር ለሚሄድ ሰው ግን በምንም ዋጋ መሸጥ አይገባውም።

ዱቄቱ የሚመጣው በ1 ኪሎ ብርማ ከረጢት ነው። ሲከፈት ቀለሙ እንደ አጃ ዱቄት ገርጣ ያለ፣ ሽታው በጠላ ድፍድፍና በቆሎ ቂጣ መካከል ያለ፣ በጣት ሲታሽ ደቃቅና ደረቅ ነው። በከረጢቱ ጀርባ አራት ስሞች ተጽፈዋል፦ ባሲለስ ሰብቲሊስ፣ ባሲለስ ሊኬኒፎርሚስ፣ አንድ የላክቶባሲለስ ዝርያ እና የቢራ እርሾ። በእያንዳንዱ ግራም ውስጥ 1 ቢሊዮን ሕያው ሕዋስ እንዳለ፣ ለ1 ኪሎ መኖ 5 ግራም መጨመር እንደሚበቃ ተገልጿል። የተመረተበት ቀን በቀላሉ ይነበባል፤ የሚያበቃበት ቀን ግን ከማሸጊያው መታተሚያ ስፌት ጋር ተጣብቆ ግማሹ ጠፍቷል። ሕያው ነገር በሚሸጥበት ምርት ላይ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም።

ሻጩ ወጣት ነው፤ ትሑትም ነው፤ ስለሚሸጠው ነገር ግን ከከረጢቱ በላይ ያነበበ አይመስልም። “ጋሼ፣ ይኼን ከያዙ ኦክሲ የሚባለውን ይረሱታል። ዓሣዎ አይታመምም፤ ቢታመምም በሦስት ቀን ይነሳል” አለኝ፤ ኦክሲ ያለው ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ነው። ለየትኛው በሽታ እንደሆነ ስጠይቀው ከረጢቱን አዙሮ “ለሁሉም” ሲል ጣቱን በዝርዝሩ ላይ አሳረፈ። በእርግጥም ዝርዝሩ የቆሮሶን የባክቴሪያ በሽታዎች በሙሉ ይዞ፣ በመጨረሻው መስመር ላይ የቲላፒያ ሐይቅ ቫይረስን ጨምሯል። ይህ ቫይረስ በ2014 እ.ኤ.አ. በእስራኤል ከነበረ የዓሣ እልቂት ተለይቶ የታወቀ ነው፤ ባክቴሪያ ደግሞ አይደለም። አንጀት ውስጥ የሚገባ ዱቄት ይህን ቫይረስ ይፈውሳል ብሎ የጻፈ አምራች፣ በሌሎቹ መስመሮች ላይ የጻፈውንም እንድጠራጠር አድርጎኛል።

“ለሁሉም” የሚለው ቃል ለምን እንደሚያስቆጣኝ ለመረዳት፣ እነዚህ በሽታዎች ምን ያህል እንደሚለያዩ ማየት ያስፈልጋል። የስትሬፕቶኮከስ ዝርያዎች፣ በተለይም አጋላክቲዬ እና ኢኒዬ፣ ውሃው ሲሞቅ የሚበረቱ ናቸው፤ አንጎልን ስለሚያጠቁ ዓሣው ዓይኑ ፈጥጦ፣ ሰውነቱ እንደ ቀስት ተጣምሞ፣ በአንድ ቦታ እየተሽከረከረ ይዋኛል። ፍራንሲሴላ በአንጻሩ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይስማማዋል፤ ከ25 ዲግሪ በታች ሲሆን ይነሳና ጣፊያንና ኩላሊትን በነጫጭ ፍሬዎች ይሞላቸዋል። ፍላቮባክቴሪየም ስንጥብንና ቆዳን ይበላል፤ በጀርባው ላይ እንደ ኮርቻ የተቀመጠ ግራጫ ነጠብጣብ ያየ ሰው አይረሳውም። የቆሮሶውን የሚያጠቃው ዓይነት በ2022 እ.ኤ.አ. ራሱን ችሎ በቆሮሶ ወገን ሳይንሳዊ መጠሪያ ተሰይሟል። ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ ደግሞ ከሁሉም ይለያል፤ ከውጭ እስኪመጣ የሚጠበቅ ወራሪ አይደለም፤ በደህናው ኩሬ ውሃም፣ በደህናው ዓሣ አንጀትም ዘወትር አለ፤ ዓሣው በአየር እጥረት፣ በመጨናነቅ ወይም በአያያዝ ሲደክም ያን ጊዜ ይነሳበታል። ከእነዚህ አንዱ በሙቀት፣ አንዱ በብርድ፣ አንዱ በቁስል፣ አንዱ በድካም ይመጣል። ለአራቱም አንድ ዱቄት የሚበቃ ቢሆን ኖሮ የኔ ሥራ በጣም ቀላል በሆነ ነበር።

ይህን ስል ግን ሐሳቡ ራሱ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ዓሣ ብቻውን አይኖርም፤ በቆዳው ልጋግ፣ በስንጥቡና በአንጀቱ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ረቂቅ ተህዋስያን አብረውት ይኖራሉ። የቆሮሶ አንጀት ከሰውነቱ ርዝመት በብዙ እጥፍ የሚበልጥና እንደ ገመድ የተጠቀለለ ስለሆነ፣ ለእነዚህ ተህዋስያን ሰፊ መኖሪያ ነው። ከእነርሱ መካከል ሴቶባክቴሪየም የተባለው ቢ12 የተባለውን ቫይታሚን ስለሚሠራ፣ ቆሮሶ ከመኖው ይህን ቫይታሚን ባያገኝም ሳይጎዳ ያድጋል። በዚህ መንደር የሰፈሩት ነባር ባክቴሪያዎች ቦታውንና ምግቡን በመያዝ፣ አንዳንዶቹም ሌሎችን የሚገድል ነገር በማመንጨት፣ ለበሽታ አምጪው መግቢያ ያሳጡታል። የዱቄቱ አምራች የሚለው ከዚህ መንደር ጋር አጋዥ ልላክ ነው። ባሲለስ የተባሉት ደግሞ መኖን የሚያላሙ ኢንዛይሞችን ስለሚያመነጩ፣ እንደኔ የኑግ ፋጉሎና የስንዴ ፉርሽካ ለሚያበላ አርቢ ይህ ተጨማሪ ጥቅም ሊሆን ይችላል።

በ2001 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት የጠሯቸው ባለሙያዎች ለእንዲህ ዓይነቱ ምርት ትርጉም ሲሰጡ፣ ሕያው መሆን አለበት፣ በበቂ መጠን መሰጠት አለበት፣ ለተቀባዩም ጤና ጥቅም ማስገኘት አለበት ብለዋል። እኔም ከረጢቱን የመዘንኩት በእነዚህ ሦስት መለኪያዎች ነው።

ስለ ሕያውነቱ፦ በአንድ ላቦራቶሪ የሚሠራ ወዳጄ ከከረጢቱ 10 ግራም ወስዶ ደጋግሞ በማቅጠን በማብቀያ ሳህን ላይ ዘርቶልኛል። በማግስቱ የባሲለስ ክምችቶች ሳህኑን ሞልተውት ነበር፤ ቆጥሮ ሲያባዛው ከተጻፈው ቁጥር አንድ ሦስተኛ ገደማ አገኘ። ላክቶባሲለስ ግን በተገቢው ማብቀያ ላይም ቢሆን አንድም አልበቀለም። ይህ ሁለታችንንም አላስገረመንም። ባሲለስ ክፉ ቀን ሲመጣ ስፖር ወደተባለ እንቅልፍ ይገባል፤ በጠንካራ ቅርፊት ተጠቅልሎ ሙቀትንም ድርቀትንም ይችላል። ላክቶባሲለስ ይህ ችሎታ የለውም። ከረጢቱ ከባሕር ማዶ በመርከብ ተጭኖ፣ በደረቅ ወደብ ሰንብቶ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በተደረደረ መደርደሪያ ላይ ወራት ካሳለፈ በኋላ፣ ከአራቱ ስሞች አንዱ ስም ብቻ ሆኖ ቢቀር የሚጠበቅ ነው። አምራቹ ይህን ስለማያውቅ አይመስለኝም፤ ረጅም ዝርዝር ስለሚሸጥለት ነው። የአንድ ከረጢት ውጤት ለሌላው ምስክር ሊሆን እንደማይችል ይገባኛል፤ ሆኖም ገዢ ከሆናችሁ ዓይናችሁን በባሲለሱ ላይ ብቻ አድርጉ፤ የቀረውን እንደ ጌጥ ቁጠሩት።

በቂ መጠን ስለሚለው፦ እዚህ ላይ መመሪያው አርቢውን ያሳስታል። “በውሃ በጥብጠው በመኖው ላይ ይርጩ” ይላል፤ የትኛውን ውሃ እንደሆነ ግን አይናገርም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለበት፣ ገና ከእንቅልፉ የሚነቃውን ባክቴሪያ ሊጎዳው ይችላል። እኔ የምሠራበት መንገድ ይህ ነው፦ የዕለቱን መኖ በጥላ ሥር በሸራ ላይ እዘረጋለሁ፤ ዱቄቱን በጥቂት የምግብ ዘይት ለውሼ በእጄ እያሸሁ እያንዳንዱ ፍሬ እስኪያብረቀርቅ ድረስ እቀላቅላለሁ፤ ከዚያም ሩብ ሰዓት ያህል አሳርፌ አበላለሁ። ዘይት ያልነካው ዱቄት መኖው ውሃ ላይ እንዳረፈ እንደ ጢስ ተነሥቶ ሲሄድ በዓይን ይታያል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ገንዘቤን ለኩሬው ውሃ ሳበላው የነበረውም በዚህ ምክንያት ነው። በፀሐይ ላይ ማስጣትና የተለወሰ መኖ ለማግስቱ ማሳደር ደግሞ ሁለቱም አይመከሩም። ወደ ዓሣው ሆድ የገባውም ቢሆን ገና ፈተና አለበት፤ የቆሮሶ የጨጓራ አሲድ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) ከ2 በታች እስከመውረድ ይደርሳል፤ የአልጌን ሕዋስ ሰንጥቆ የሚፈጨው በዚህ ኃይሉ ነው። ይህን በደህና የሚሻገረው ስፖር ነው፤ እዚህም የባሲለሱ ብልጫ ይታያል።

ሦስተኛው መለኪያ፣ ጥቅሙ፣ ብዙ የሚያነጋግረው እርሱ ነው። በጂኦሜምብሬን (ውሃ በማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ) በተነጠፉ፣ ስፋታቸውም ጥልቀታቸውም እኩል በሆኑ ሁለት ኩሬዎች ከአንድ ቦታ የመጣ ጫጩት በእኩል ቁጥር፣ 450 በ450 አስገባሁ። ለአንዱ በዱቄት የተለወሰ መኖ፣ ለሌላው በዘይት ብቻ የተለወሰ መኖ ሰጠሁ፤ ዘይቱ ራሱ ኃይል ሰጪ ስለሆነ ለሁለቱም እኩል መሆን ነበረበት። ሁለት ኩሬ ምርምር እንደማይባል አውቃለሁ፤ በአንደኛው ጫፍ ያለው የግራር ጥላ እንኳን ነገሩን ሊያዛባ ይችላል። ሆኖም አንድ አርቢ ከሚያደርገው በላይ ያደረግኩ ይመስለኛል። እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ በሁለቱ መካከል ልዩነት ብዬ የምጽፈው ነገር አላየሁም። በየወሩ ሠላሳ ሠላሳ ዓሣ በመረብ አውጥቼ ስመዝን፣ አንድ ጊዜ የዱቄቱ ኩሬ በጥቂት ግራም ይበልጣል፤ በሚቀጥለው ወር ሌላው ይበልጣል።

ፈተናው የመጣው በየካቲት ማብቂያ ነው። ለዓቢይ ጾም ገበያ እንዲደርስልኝ መኖ ጨምሬ ነበር፤ ውሃውም ከመጠን በላይ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ሰማዩ ለሁለት ቀናት ደመና ሆነ፤ ነፋስም ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ኩሬውን የሚጠብቅልኝ ልጅ ደውሎ “ጋሼ፣ ቶሎ ይምጡ፣ ዓሦቹ ሁሉ ወደ ላይ ወጥተው አየር እየጎረሱ ነው” አለኝ። ስደርስ የሁለቱም ኩሬዎች ፊት በተከፈቱ አፎች ተሞልቶ ነበር፤ ዝናብ የሚዘንብበት ይመስላል፤ ድምፁም እንደዚያው ነበር። ፓምፑን አስነሥተን ውሃውን ወደ ላይ እየረጨን፣ ከጉድጓዱም አዲስ ውሃ እየጨመርን ነጋልን። በዚያ ዕለት የሞተው ጥቂት ነው። እውነተኛው ሞት የጀመረው ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

የሞቱትን አንዱን ከፍቼ ያየሁትን ልግለጽ። ከውጭ ሲታይ በክንፎቹ ሥር ደም የቋጠረ ቅላት ነበረበት፤ ሆዱ ተነፍቷል፤ ቅርፊቱም ቆሞ ስለነበር እጅ ሲያልፍበት ይሻክራል። ከታችኛው ቀዳዳ ጀምሬ ወደ ፊት ስሰነጥቀው ወፈር ያለ፣ ቢጫና ቀይ የተደባለቀበት ፈሳሽ ወጣ። ጉበቱ ገርጥቶ በደም ነጥቦች ተዥጎርጉሯል፤ ጣፊያው ጠቁሮ አብጧል፤ ነጭ ፍሬ ግን የለበትም፤ አንጀቱ ባዶ ነው፤ ግድግዳውም እንደ ወረቀት ሳስቷል። ዓይኑ ደህና ነው፤ ሲዋኝም የሚሽከረከር አልነበረም። ነጭ ፍሬ ባለመኖሩ ፍራንሲሴላን፣ አንጎል የተነካ ባለመምሰሉ ስትሬፕቶኮከስን ወደ ጎን ትቼ፣ ኤሮሞናስ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ናሙና በበረዶ አድርጌ የላክሁበት ቤት ይህንኑ አረጋግጦልኛል፤ ውጤቱ የደረሰኝ ግን ዓሣው ተሸጦ፣ ኩሬው ደርቆ፣ ኖራ ከተበተነበት በኋላ ነው። በዚህ ምርመራ ቤት ላይም አንድ ቀን አስተያየት እጽፍ ይሆናል።

አንጀቱ ባዶ ነበር ያልሁትን አስተውሉልኝ፤ ይህን ምርት በመድኃኒትነት መሸጥ ለምን ስህተት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። የታመመ ዓሣ አይበላም። ዱቄቱ የሚሄደው በመኖ ነው፤ መኖውን የሚሻሙት ጤነኞቹ ናቸው፤ በኩሬው ጥግ ጀርባውን አሳይቶ የቆመው ሕመምተኛ አንዲት ፍሬ አትደርሰውም። በዚያው ሳምንት ወደ መደብሩ ስደውል ሻጩ መጠኑን በእጥፍ እንድጨምር መከረኝ። እኔ ያደረግሁት ተቃራኒውን ነው፦ መኖ ለአራት ቀን ሙሉ በሙሉ አቆምኩ፤ በየቀኑ ከውሃው አንድ አራተኛ ያህል ቀየርኩ፤ ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ እንዲሠራ አደረግሁ፤ የሞተው እየተለቀመ ከኩሬው ርቆ እንዲቀበር አዘዝኩ። በስድስተኛው ቀን ሞቱ ቆመ። በዱቄቱ ኩሬ 58፣ በሌላው 71 ዓሣ አጥቻለሁ። ልዩነቱን ለዱቄቱ ልሰጠው እችል ነበር፤ ነገር ግን ፓምፑ መጀመሪያ የተነሳው በዱቄቱ ኩሬ ላይ ነው፤ ሌላው ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቋል። ያ ግማሽ ሰዓት 13 ዓሣ የሚያወጣ ይመስለኛል።

በከፍታ ቦታ የምናረባ ሰዎች የውሃውን ነገር ከዱቄቱ ማስቀደም ያለብን በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ኦክስጅን ነው። በባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር 8.3 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ እንደ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው ግን ከ6.7 ብዙም አያልፍም፤ ማለትም ሩጫውን የምንጀምረው ከኋላ ነው። ከከረጢቱ ጀርባ ያለው የአጠቃቀም ምክር የተጻፈው ቆላማ ባሕር ዳር ላለ አርቢ እንደሆነ ግልጽ ነው። ሁለተኛው ከዓሣው ቆሻሻና ከተረፈ መኖ የሚመጣው አሞኒያ ነው። የስምጥ ሸለቆ ውሃችን ጨው በዛ ያለውና ወደ አልካላይነት ያዘነበለ ነው፤ ከሰዓት በኋላም አልጌው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሲጨርሰው ፒኤቹ ይበልጥ ይወጣል። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች 7 ሲሆን ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድ አይሞላም፤ 8 ሲሆን 5 ከመቶ ይሆናል፤ 9 ሲደርስ ከሲሶ ይበልጣል። የአሞኒያው መጠን ሳይጨምር መርዙ ብቻ በብዙ እጥፍ ይጨምራል ማለት ነው። ስንጥቡ በአሞኒያ የተቃጠለ፣ ንጋት ንጋት አየር ያጠረው ዓሣ፣ አንጀቱ ውስጥ የተላከለት ቢሊዮን ባሲለስ ከኤሮሞናስ አያድነውም። በዱቄቱ ላይ ያለው “የኩሬ አሞኒያን ያጠፋል” የሚል ጽሑፍም ሊያዘናጋ አይገባም፤ አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው፤ በዝግታ የሚራቡ፣ በፕላስቲክና በድንጋይ ላይ ተለጥፈው የሚኖሩ፣ በዱቄት መልክ በከረጢት ብዙም የማይቆዩ ናቸው።

አሁን ወደምመሰክርለት ክፍል ልሂድ። እኔ ጫጩት የማገኘው እንቁላሉን ከእናቶቹ አፍ ሰብስቤ፣ አጥቤና አክሜ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ውሃ ከታች እየገፋሁበት በመፈልፈል ነው። ቆሮሶ እንቁላሉንም የተፈለፈለውንም በአፉ ይዞ የሚያሳድግ ዓሣ ስለሆነ፣ በተፈጥሮው መንገድ ቢሆን ኖሮ ጫጩቱ ከመጀመሪያው ቀን ከእናቱ አፍ ባክቴሪያ ጋር ይተዋወቅ ነበር። እኛ ግን ከዚያ ነጥለን፣ ባዶ በሆነ ንጹሕ ገንዳ ውስጥ እንጥለዋለን፤ ቀድሞ የመጣው ተህዋስ ሁሉ፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ ቤቱን ይይዛል። ዱቄቱ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ መንደሩ ገና ሲቆረቆር መጀመሪያ የሚሰፍረውን መምረጥ የሚቻለው በዚህ ጊዜ ነውና። 1,000 ሊትር በሚይዙ ሁለት ገንዳዎች፣ በየገንዳው 2,000 ጫጩት አድርጌ፣ አስኳላቸውን ጨርሰው መብላት ከጀመሩበት ቀን አንሥቶ ለአራት ሳምንት ሞከርኩ። በመጀመሪያው ዙር ዱቄት ከበላው ገንዳ 1,640፣ ካልበላው 1,310 ተርፎ ቆጠርኩ። ገንዳዎቹን አቀያይሬ፣ ዱቄቱን ለሌላኛው ሰጥቼ ደገምኩ፤ ሦስተኛም ጨመርኩ። ልዩነቱ አንዴ ሰፋ፣ አንዴ ጠበበ፤ አቅጣጫው ግን አልተለወጠም። በመረብ ሲታፈሱም የዱቄቶቹ ጫጩቶች መጠናቸው ተቀራራቢ ነበር፤ ገዢ የሚወደው ይህንን ነው፤ ትልቁ ትንሹን አይበላበትምና።

ወደ ኩሬ ከተዛወሩ በኋላ መስጠቴን ግን አቁሜያለሁ። ባሲለስ በአንጀት ውስጥ እንግዳ እንጂ ቤተኛ አይደለም፤ መኖው ሲቋረጥ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ኩሬ ውስጥ የገባ ዓሣ ደግሞ ከጭቃውም፣ ከአልጌውም፣ ከወፉ ኩስም በየደቂቃው አዲስ ባክቴሪያ ይውጣል፤ በኪሎ 5 ግራም ዱቄት ያንን ጎርፍ ለመመለስ መሞከር ገንዘብ ማባከን ነው። ለስድስት ወር ማድለቢያ የሚያስፈልገውን ስደምር ለሁለተኛ ፓምፕ የሚበቃ ገንዘብ ሆኖ አገኘሁት።

ኦክሲን ስለ መርሳት የተባለውም አንድ ነገር ያስፈልገዋል። ኦክሲቴትራሳይክሊን በዓሣ አንጀት ውስጥ በደንብ የማይመጠጥ መድኃኒት ነው፤ ከሚሰጠው ብዙው ሳይለወጥ ከሰገራው ጋር ወደ ውሃው ይወጣል፤ እዚያም መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎችን ያራባል፤ በመንገዱም የአንጀቱን ነባር መንደር ያፈርሳል። ስለዚህ በየሳምንቱ “ለጥንቃቄ” ኦክሲ የሚያበሉ ጎረቤቶቼ ይህን ዱቄት ቢተኩበት ጉዳት አይደርስባቸውም፤ ወጪያቸውም አይበዛም። ሁለቱን በአንድ ቀን መስጠት ግን በአንድ እጅ ዘርቶ በሌላው መንቀል ነው፤ ባሲለሱም ባክቴሪያ ነውና መድኃኒቱ ለይቶ አይተወውም። ይህን ማስጠንቀቂያ በከረጢቱ ላይ ፈልጌ አላገኘሁትም። ሻጩም በዚያው ዕለት ከፊቴ ለነበረ ገበሬ ሁለቱንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ሲሰጥ አይቻለሁ።

የበላተኛውም ነገር አለ። በከተማችን በሐይቁ ዳር ጥሬ ዓሣ በአዋዜ መብላት የተለመደ ነው፤ እኔም በልቼ አውቃለሁ። በ2015 እ.ኤ.አ. በሲንጋፖር ጥሬ የወንዝና የኩሬ ዓሣ የበሉ ብዙ ሰዎች በስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲዬ ደማቸው ተመርዞ ታመዋል፤ አገሪቱም ጥሬ የጨው አልባ ውሃ ዓሣ በምግብ ቤት እንዳይሸጥ እስከ መከልከል ደርሳለች። ከሦስቱ ደንበኞቼ አንዱ ምግብ ቤት “ባክቴሪያው ጠቃሚ ከሆነ ጥሬውንም ማቅረብ እንችላለን ማለት ነው?” ብሎ ጠይቆኛል። አይደለም። ዱቄቱ ዓሣውን ከበሽታ አምጪ ነፃ አያደርገውም፤ አብስላችሁ አቅርቡ ብያቸዋለሁ።

ለአምራቹና ለአስመጪው ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ የሚያበቃበት ቀን ከስፌቱ ወጥቶ በግልጽ ይታተም፤ የቫይረሱ ስም ከዝርዝሩ ይውጣ፤ አጠቃቀሙም በአማርኛ ይጻፍ። አሁን ያለው የእንግሊዝኛና የቻይንኛ ጽሑፍ ኩሬውን በየቀኑ ለሚያበላው ልጅ ምንም አይነግረውም፤ የመጀመሪያውን ሳምንት በቧንቧ ውሃ የበጠበጠውም እርሱ ነበር፤ ጥፋቱ ግን የእርሱ አልነበረም። ለመደብሩ ደግሞ ከረጢቶቹን ከጣሪያው ሥር አውርዶ በቀዝቃዛው ክፍል፣ ክትባት ከሚቀመጥበት አጠገብ እንዲያኖራቸው ነግሬዋለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ስሄድ አውርዶታል።

1 ኪሎ ከረጢት ለጫጩት ገንዳ ብቻ ለሚጠቀም ሰው እጅግ ብዙ ነው። ለአንድ ዙር ጫጩት የሚያስፈልገኝ ከ50 ግራም አይበልጥም፤ የተከፈተው ደግሞ በየዙሩ እርጥበት እየሳበ ይሄዳል። የቀረኝን በትንንሽ ደረቅ ጠርሙሶች ከፋፍዬ፣ ክዳናቸውን በፕላስተር አሽጌ፣ ወደ ግንቦት እንቁላል ለመድረስ አስቀምጬዋለሁ። በ100 ግራም የታሸገ እንዲያስመጣልኝ ሻጩን ጠይቄዋለሁ፤ “እሺ ጋሼ፣ አለቃዬን ልጠይቅልዎ” ብሎኛል፤ እስካሁን ግን አልደወለም።